ከኮሌታ በቀር

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ለሚሏት ሁሉ መልሷ «እሺ» ነው። ብዪ ሲሏት እሺ፣ ተኚ ሲሏት እሺ፣ ነይ እስቲ ውጭ ተቀመጪና ፀሐይ ይንካሽ ሲሏት እሺ። እሺ የሚል ሰው ደግሞ ማንንም አያስጨንቅም። ታናሽ እህቷ «አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም፤ ብረት ናት» እያለች ለሰው ታወራለች። ብረት ግን አልነበረችም። ሌሊቱን ተኝተውበት ያደሩት እጅ ጠዋት እንዴት ነው? እጁ አለ፣ ከትከሻ ጋር ተያይዟል፣ የማን ነው ቢሉ ግን ያጠራጥራል። እንደዚያ ነበር የሆነችው።

ፋብሪካው ውስጥ ስሟ ኮሌታ ነበር። እዚያ ማንም እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም። አንድ ልብስ ከወንበር ወንበር እየተላለፈ ነው የሚሰፋው፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ክፍል ትሰፋና ወደ ጎን ታሳልፈዋለች። ስለዚህ ሁሉም በሥራው ይጠራል። ከኮሌታ በስተግራ እጅጌ ተቀምጣለች፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዛት ሴት። በስተቀኝ ኪስ አለች። ዚፕ ሦስት ወንበር አልፋ ናት። መጨረሻ ላይ ያለችው ቁልፍ ከሁሉም ግዙፍ ስለነበረች፣ ቁልፍ ተብላ ስትጠራ አዲስ የመጡ ሠራተኞች ሳቃቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ኮሌታ እዚያ የገባችው ገና ልጅ ሳለች ነው። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽ እህቷን ማሳደግ በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ሥራ ስትለምን አገኘች። የመጀመሪያው ቀን ኮሌታ ላይ አስቀመጧት። እጇ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ሆኖ ስለተገኘም ከዚያ ወንበር የሚያነሳት ጠፋ። ጎበዝ መሆን አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው፤ ሰነፎቹ ከወንበር ወንበር ሲዘዋወሩ ሁሉንም ተማሩ፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ ኖረች።

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። ኮሌታ ሙሉ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። መለካት አታውቅም፣ መቁረጥ አታውቅም፣ እጅጌ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አታውቅም። ከአንገት በታች ያለው ልብስ ለእሷ የሰው አገር ነው። ይህን ከፋብሪካው ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ልብስ ሰፊ ናት» ይላል፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ልብስ ይሰፋል፣ የትኛውን ቁራጭ ነው ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ታናሽ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። አፏ ከመቀሷ ይፈጥናል። ደንበኛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስትነሳ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ የሰፈሩም ወሬ አብሮ ተሠርቶ ነው የምትሄደው። ይቺ ሴት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከበር ላይ ጀምራ፣

«እትዬ፣ ጨርሻለሁ» አለች። «ማሽን እገዛልሻለሁ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትሰፊያለሽ፤ ደንበኛውን ለኔ ተዪው። እኔ ጋ ራሷን ያጠበች ሁሉ አንቺ ጋ ትለካለች።»

«እሺ» አለች ኮሌታ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረባት። የሚያስፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልብስ መስፋት አልችልም» ማለት። ይህን ለማለት ግን ሰው መጀመሪያ ማፈር አለበት፣ ወይም መፍራት። እሷ ማፈሩ ይመጣ እንደሆነ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። አልመጣም። ሌላ ፋብሪካ የሚፈልገው ወጣት እንደሆነ ታውቃለች፤ ይህ ማሽን ከቀረ ሌላ የምትይዘው እንደሌለ ታውቃለች። ማሽኑ ተገዝቶ ጨርቅ ከመጣ ደግሞ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጨርቅ እንደሚበላሽ፣ እህቷም በገዛ ሱቋ ቀና ብላ መሄድ እንደሚያቅታት ታውቃለች። ሁሉንም ታውቃለች፣ አንዱም ግን አያማትም ነበር። እህቷ በፊቷ ያወራችውን ሁሉ ሰምታ ሰሃኑን አጠበች።

በነጋታው ሄዱ። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ በግድግዳው ግራና ቀኝ ማሽኖች ላስቲክ ለብሰው ተደርድረዋል። ሻጩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ማንንም ባይለካም አንገቱ ላይ ሜትር አጥልቋል።

«ለቤት ነው ለሥራ?» አለ።

«ቤት ውስጥ ለሥራ» አለች እህትየዋ። «እህቴ ናት የምትሰፋው። የፋብሪካ እጅ ናት፣ አይዋሹዋት።»

«እንዴት ተደርጎ።» ከመደርደሪያው ዝቅ ብሎ አንዷን ትንሽ ማሽን በአንድ እጁ አነሳት። «እንግዲያው ይቺን ተዋት። ለአሻንጉሊት ልብስ ነው የምትሆነው። ወፈር ያለ ጨርቅ የመጣ ቀን ቆማ ታያችኋለች፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ያቺ ጥቁሯ ብረት ናት፣ በእግር ነው የምትረገጠው፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳይዋ አይደለም፤ ግን ከባድ ናት፣ አንዴ ካስቀመጧት የቤቱ ምሰሶ ሆነች ማለት ነው። ይቺ ነጯ መካከለኛዋ ናት፣ ውስጧ ብረት ነው፣ ቀጥ ያለውንም ዚግዛጉንም ትሰፋለች፣ የቁልፍ ቀዳዳም ታወጣለች። ያቺ ባለ ስክሪኗ ደግሞ…»

እህትየዋ ባለ ስክሪኗ ጋ ደርሳ ነበር።

«ይሄ አበባ በራሷ ነው የምትጠልፈው?»

«በራሷ።»

«ስምስ ትጽፋለች?»

«ትጽፋለች።»

«እትዬ፣ ስም ትጽፋለች እኮ። ማሽን ካልሽ ይቺ ናት ማሽን።»

«እሺ» አለች ኮሌታ።

«ምን እሺ ትያለሽ፣ ምረጪ እንጂ። ነጯን? ጥቁሯን?»

«አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ሻጩ እንዲህ ያለ ገዢ አይቶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለው ሰው ካልነካው አይወስንም። ነጯን ማሽን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ሰካት፣ ክሯን አስገባ፣ ወንበር ሳበላት። ኮሌታ ተቀመጠች። ወዲያው ቀኝ ጉልበቷ ወደ ጎን ሄደና ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጨ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሄደ።

«ምን ፈለጉ እህቴ?»

«ማንሻውን።» ፋብሪካው ውስጥ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት የሚያነሱት በጉልበት ነው፤ እጅ ከጨርቁ ላይ አይነሳም።

«የቤቷ በእጅ ነው። ከኋላ ነው ያለው፣ ይኸውልዎ።»

ኮሌታ እንደለመደችው ፔዳሉን በእግሯ ጣት ነካ አደረገችው። ምንም የለም። ጫን ስትለው ማሽኗ እያቃሰተች መራመድ ጀመረች። የፋብሪካው ማሽን ሲነኩት ይከንፋል፤ ይቺ ግን ከደጅ ወደ ቤት በምርኩዝ የምትገባ አሮጊት ትመስል ነበር።

«ታማለች እንዴ?» አለች እህትየዋ።

«የቤት ናት፣ ምን አስቸኮላት።» ሻጩ ከሳጥን ውስጥ ነጭ ቁርጥራጭ ጨርቅ አውጥቶ ሰጣት። «እስቲ የፈለጉትን ይስፉበት።»

የፈለገችው ነገር አልነበረም። እጆቿ ግን ጨርቁን አጠፉት፣ ገለበጡት፣ ዙሪያውን ሰፉት፣ ጫፉን በመቀስ ቀነሱና ገልብጠው በመቀሱ አፍንጫ ገፋ አደረጉት። እሷ ዝም ብላ ታያለች። ጠረጴዛው ላይ ኮሌታ ተኝቶ ነበር፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሹል፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ፣ የሸሚዝ አንገት ብቻ የጎደለው።

ሻጩ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «የሰው እጅ ነው ይሄ?» አለ ቀስ ብሎ። እህትየዋ ቀማችውና አንገቷ ላይ አድርጋ በመስታወት ራሷን አየች።

«አላልኩዎትም?» አለች። «እኔን ያሳደገችኝ እኮ በዚህ እጅ ነው።» ከዚያ አላስቻላትም፣ ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈ ጨርቅ አወጣች። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ከእጅ የሚያመልጥ ዓይነት። «ላስደስትሽ ብዬ ደብቄሽ ነው። የመጀመሪያ ሥራሽ። ያቺ የባንክ ቤቷ ደንበኛዬ ናት፣ ፀጉሯን ሦስቴ አሠርታ ሦስቴ የምታስፈታኝ። ለወንድሟ ሠርግ ቀሚስ ፈልጋ፣ ለማንም አልሰጥም ስትል እህቴ አለች አልኳት። የሞዴሉን ፎቶ በስልክ ልካልኛለች።»

ኮሌታ ጨርቁን ተቀበለች። ጭኗ ላይ ተንሸራተተ፤ በእጇ መልሳ ያዘችው።

ሻጩም በጣቱ አሸት አድርጎ አየው። «ይሄ ይሸሻል። ለዚህ ቀጭን መርፌ አብሬ እሰጥዎታለሁ። ዚፑን እንዴት ነው የሚገጥሙት፣ ስውሩን ነው? ለሱ ሌላ የማሽን እግር ያስፈልጋል።»

«ዚፕ የኔ አይደለም» አለች ኮሌታ። «ሦስት ወንበር አልፎ ነው።»

ሻጩ ሳቀ። እህትየዋም ሳቀች። «ዛሬ ቀልዷ መጣ» አለች፤ ከፋብሪካው መዘጋት ወዲህ እህቷ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ መስሏት ደስ ብሏታል።

«እጅጌውስ ምን ዓይነት ነው?» አለ ሻጩ።

ኮሌታ ወደ ግራዋ ዞር አለች። ዘመኗን ሁሉ የእጅጌ ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ ዞር ስትል ነው የኖረችው። በግራዋ መደርደሪያ ነው ያለው። ላስቲክ የለበሰ ማሽን አለ። ጥቂት አየችውና ፊቷን መለሰች።

«እኔ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም» አለች።

የእህትየዋ ሳቅ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር። «ምን?»

«ኮሌታ ነው የምሰፋው። ኮሌታ ብቻ። ቀሚስ መቁረጥም መግጠምም አልችልም።»

ሻጩ ከኋላ ክፍል አንድ ነገር እንደረሳ ትዝ አለው፤ ሻጭም ቢሆን ሰው ነው። እህትየዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ከፈተችው። ለምን እንደከፈተችው እሷም አታውቅም፤ ምናልባት የሚተርፍ ነገር ፍለጋ ነበር። አየችው፣ አጎላችው፣ ደግማ አየችው።

«ይሄ እኮ አንገቱ ክፍት ነው» አለች በሹክሹክታ። «ኮሌታ እንኳ የለውም።»

እህትየዋ ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«ትምህርት ስጨርስ የለበስኩትስ?» አለች። «ያ ሰማያዊ ቀሚስ። ልጆቹ ሁሉ የት ገዛሽው ሲሉኝ እህቴ ሰፋችልኝ ነው ያልኩት። እስከዛሬም እላለሁ።»

ኮሌታ ያንን ቀሚስ ከሥራ ቦታ ይዛ መጥታ ነበር የሰጠቻት። እኔ ሰፋሁት አላለችም፤ እኔ አልሰፋሁትም ብላም አታውቅም።

«ቆራጩ ነው የቆረጠው» አለች። «ከተረፈ ጨርቅ። የምሳ ሰዓት ላይ ነው የሰፋነው። ኪስ ምሳዋን ሳትበላ ሁለት ኪስ አደረገችልሽ፤ ሴት ልጅ እጇን የምታስገባበት ትፈልጋለች አለች። ዚፕ ሁለቴ ፈታ ሰፋችው። እጅጌ ትከሻው ላይ ሽንሽን ጨመረችበት፣ ማንም ሳያዛት፣ እያስነጠሳት። ቁልፍ የሚመጥን ቁልፍ ብታጣ ከራሷ ልብስ ፈታ ተከለችበት። ያን ቀን ደረቷን በመርፌ ቁልፍ ይዛ ነው ቤቷ የገባችው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ኮሌታውን።»

እነዚህን ሴቶች ፋብሪካው በር ላይ ከተለያዩ ወዲህ በስማቸው ስታነሳቸው የመጀመሪያዋ ነበር። እጅጌ ሁለት ጊዜ ደውላላት ነበር። ስልኩ እየጮኸ፣ ስሟ እየበራ፣ ዝም ብላ አይታዋለች። አንስታ ምን ትላታለች?

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮርተሽበት ስትዞሪ ምን ልበልሽ?»

እህትየዋ ተናደደች። ፊቷ ቀላ፣ አፍንጫዋ ተነፋ፤ መናደዷም እውነቷን ነው። «ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ እኮ። አፌን ሞልቼ። ሱቄ የገባች ሁሉ ያንቺን እጅ ሳትሰማ አልወጣችም።»

«አውቃለሁ።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራስ ሲመለጥስ እኔ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። አፌን ነው ያላወቅሁበት።» ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ ጨርቁን ከኮሌታ ጭን ላይ አንስታ አጣጥፋ፣ እዚያው ቆማ ለባንክ ቤቷ ሴት ደወለች። ኮሌታ ሰማቻት። «እህቴ ቀሚስ አትሰፋም» አለቻት። «አይ፣ አልዋሸሁሽም፣ አላወቅሁም ነበር። አዎ። አዎ፣ ልክ ነሽ። ነገ ጨርቅሽን ውሰጂ።» በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ረጅም ጊዜ ተናገረ። እህትየዋ፣ ለማንም መልስ የማታጣው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

ኮሌታ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች። አሁን ወደ ቤት ነው የሚሄዱት። ነገ እንደ ዛሬ ይሆናል፤ ያም አይጎዳም።

ሻጩ ከኋላ ክፍል ተመልሶ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው እጁን እያሻሸ፣ «እና የቱን ወሰናችሁ?» አለ።

እህትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። ማሽኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ አበባ የምትጠልፈውን አልፋ ሄደች።

«ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው?» አለች።

«ለጀማሪ?» ሻጩ አብራቸው የገባች ሌላ ልጅ ያለች ይመስል ወደ በሩ ተመለከተ። «ጀማሪዋ ማን ናት?»

እህትየዋ አፏን ከፈተች። ያ ከመቀስ የሚፈጥን አፍ ተከፍቶ ቀረ። እሷ ጡት ሳትጥል አዝላ ያሳደገቻትን፣ እሷ ጫማ እንድታደርግ ብላ በተቀደደ ጫማ የሄደችውን ታላቋን፣ በሰው ፊት ጀማሪ ብሎ መጥራት አልሆነላትም። ወለሉን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች ኮሌታ።

ያኔ አመማት። ከፀጉሯ ሥር ጀምሮ ፊቷ ነደደ፤ ስትጠብቀው የነበረው ማፈር ይህ መሆኑን አወቀችው። ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ መጣ፤ የተዘጋው በር፣ የተደረደሩት ባዶ ወንበሮች፣ በሩ ላይ ሳይሳሳሙ የተለያዩት ሴቶች። ጉንጯ ላይ እንባ ሲወርድ አላበሰችውም። እህቷ እጇን ያዘቻት። ኮሌታ የፀጉር ቅባት የሚሸተው፣ በመቀስ ቀለበት ጣቱ የደነደነው የእህቷ እጅ ሙቀት ተሰማት።

ሻጩ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና መልሶ አጠለቀው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ፤ ለገዢ ሁሉ የሚለው ነው፣ ዛሬ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። ከዚያ ነጯን ማሽን ወደ እሷ ዞር አደረገና ፍጥነቷን የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አወረደላት። «ለገዛ ሰው ማሳየት አብሮ ነው ያለው። ይቀመጡ። ከምን እንጀምር?»

ኮሌታ ተቀመጠች።

«ከእጅጌ» አለች። «እጅጌ እንዴት እንደሚገባ ያሳዩኝ።»

ያን ሁሉ ዘመን ክንድ ለክንድ እየተነካኩ ሲሰፉ፣ እጅጌ እንዴት እንደምትሠራው አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየቻትም ነበር።